የአካል ጉዳት መከላከል ፕሮግራም በልብስ ስፌት ፋብሪካ፦ የትኛው ሥራ ለማን ይሰጥ?

የኤችአር ጠረጴዛ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሥራ ድልድል ምክር ፈልጌ ነው።

ፋብሪካው የልብስ ስፌት ነው፤ 640 ሠራተኛ፣ 14 የስፌት ላይን፣ ከዚያ መቁረጫ፣ መተኮሻና ማሸጊያ አለው። በሁለት ፈረቃ ይሠራል። ማኔጅመንቱ የአካል ጉዳት መከላከል ፕሮግራም ይቋቋም ብሏል። ሐሳቡ ሠራተኛው ሕመሙ ሥር ሳይሰድ እንዲደረስለት፣ ተጎድቶ የቀረውም ሳይርቅ ወደ ሥራው እንዲመለስ ነው። አንድ ሴፍቲ ኦፊሰር አለ። ክሊኒኩ ሁለት ነርሶች አሉት፤ አንዷ ማታ ናት። የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴውም አለ፤ የሚሰበሰበው ግን ልብሱን የሚገዛው ድርጅት ኦዲተር ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ነው።

የተዘጋጀው ረቂቅ ላይ እያንዳንዱ አንቀጽ «የሰው ሀብት ክፍል ከሚመለከታቸው ጋር በመተባበር…» ብሎ ይጀምራል። የሚመለከታቸው እነማን እንደሆኑ የትም አልተጻፈም። ስለዚህ አስተባባሪው ከየትኛው ክፍል ቢሆን ይሻላል? ሱፐርቫይዘሮቹ «ቀላል ሥራ ስጧት» የተባለችን ሠራተኛ ላይናቸው ላይ አይፈልጓትም፤ ይህን የሚፈታው ማን ነው? ማታ ጉዳት ሲደርስስ? ለኦዲተር የሚታይ ሳይሆን የሚሠራ ነገር ነው የፈለግሁት።

ሴፍቲ ቆብ፦

«በመተባበር» የሚለውን ቃል ከረቂቁ ውስጥ በሙሉ ያውጡት። በምትኩ በእያንዳንዱ ተግባር ፊት ለፊት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የሚሠራው የሥራ መደብ፣ ተተኪው መደብ፣ የጊዜ ገደቡ። መደብ እንጂ ስም ያላልኩት ሰው ስለሚለዋወጥ ነው። ስሞቹ ለብቻቸው በአንድ ገጽ አባሪ ይያያዙ፤ ሰው ሲቀየር ያቺ ገጽ ብቻ ትቀየራለች፣ ሰነዱ እንደገና ለፊርማ አይዞርም።

አስተባባሪው ከሰው ሀብት ክፍል ቢሆን ይመቻል፤ ፋይሉም ፈቃዱም እዚያ ነውና። ነገር ግን የዲሲፕሊን ጉዳይ የሚይዘው ሰው በፍጹም አይሁን። ትናንት ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሰጠ ሰው ዛሬ ደውሎ «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ቢል የሚያገኘው መልስ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። ሌላው፣ ለ640 ሰው ይህ ሥራ የአንድን ሰው ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከሌላ ሥራው ላይ ካልተቀነሰለት፣ በሁለተኛው ወር ፋይሎቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

የአስተባባሪው ሥራ በቀን ተቆጥሮ ይሰጠው። ሠራተኛው በቀረ በ3ኛው ቀን ይደውላል፤ የሚደውለው ለመጠየቅ ነው፣ «መቼ ትገቢያለሽ?» የሚል ቃል አይወጣውም። በ10ኛው ቀን የሥራ አቅም ወረቀት ከክሊኒኩ ይቀበላል። በ14ኛው ቀን ሠራተኛው፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ ነርሷና እሱ 20 ደቂቃ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች ሕጉ ራሱ ይነግረናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ላይ ጉዳት ለቀረ ሠራተኛ እስከ 12 ወር የሚከፈለውን በደረጃ ነው ያስቀመጠው፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ስለዚህ የግምገማ ቀኑ 75ኛውና 165ኛው ቀን ይሁን፤ ክፍያው ሊወርድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ብዙዎች በ90ኛው ቀን ያደርጉታል፤ ያኔ ደመወዙ ወርዷል፣ ሠራተኛው የቤት ኪራዩን አስቦ ሳይድን ይመጣል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይተኛል።

ጉዳቱ ዘላቂ የሚመስል ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ ፋይል በ9ኛው ወር ይከፈት። ቦርዱ የጉዳቱን መጠን በተቻለ ሁሉ ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲወስን ነው ሕጉ የሚለው፤ ቀጠሮ፣ ራጅና ደብዳቤ ግን ጊዜ ይበላሉ። ይህም የአስተባባሪው እንጂ የበሽተኛው ሥራ አይደለም።

ወደ ሴፍቲ ኦፊሰሩ ስመጣ፣ አደጋውን በ24 ሰዓት ውስጥ ያጣራል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የሚላከውን ሪፖርት ያዘጋጃል። ብዙ ቦታ የሚፈርሰው ከዚያ ቀጥሎ ነው። «የመርፌ መከላከያ ይገጠም» ተብሎ ይጻፍና የፈጻሚው ዓምድ ላይ «ሴፍቲ» ይባላል። ሴፍቲ ኦፊሰር መከላከያ አይገጥምም፤ የሚገጥመው መካኒኩ ነው፣ ገንዘቡን የሚፈቅደው ደግሞ የጥገና ኃላፊው። ፈጻሚው ዓምድ ላይ የጥገና ኃላፊው ይጻፍ፣ ሴፍቲ ኦፊሰሩ አረጋጋጭ ይሁን። መከላከያው ለምን እንደተነቀለም ይጠየቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ክር ለማስገባት ስለሚያስቸግር ኦፕሬተሯ ራሷ ነቅላው ነው። ሳይቀየር መልሶ መግጠም በማግሥቱ ሲነቀል ማየት ነው።

ደቂቃ ቆጣሪ፦

ሱፐርቫይዘሩን በተመለከተ፣ ሰው የልብ ክፋት ያደርገዋል እንጂ ነገሩ ሂሳብ ነው።

30 ኦፕሬተር ያለው ላይን በ480 ደቂቃ ቀን 14,400 ደቂቃ ይቆጠርበታል። የልብሱ ሳም (አንዱን ልብስ ለመስፋት የተመደበው ጊዜ) 12 ደቂቃ ነው እንበል። 600 ልብስ ከወጣ 7,200 ደቂቃ ተመርቷል፣ ኤፊሸንሲው 50 በመቶ ነው። አሁን አንዷ ትከሻዋን ታመመችና ቀላል ሥራ ላይ ተቀመጠች፤ ምርቱ ወደ 580 ወረደ፣ ማለትም 6,960 ደቂቃ። እሷ እንደ ኦፕሬተር ከተቆጠረች 48.3 በመቶ ይመጣል። ካልተቆጠረች ማካፈያው 29 ሰው፣ 13,920 ደቂቃ ነው፤ ውጤቱ ልክ 50 በመቶ። ላይኑ የሠራው ሥራ አንድ ነው። በመጀመሪያው አቆጣጠር ግን ሱፐርቫይዘሩ ቦነሱን አጥቶ ከኃላፊው ተግሣጽ ይጠጣል። እንዲህ እያለ «ሰው ሁን» ብሎ ማሠልጠን ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ይህን ተግባር በስም ለአይኢ (ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ) ክፍል ይስጡት። አስተባባሪው እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ የነገዎቹን የቀላል ሥራ ሠራተኞች መታወቂያ ቁጥር ይልካል፤ አይኢ በዕለት ሪፖርቱ ላይ በተለየ ኮድ ከላይኑ ቁጥር ያወጣቸዋል። ሁለት መጠበቂያ ግን ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ኮዱ ማብቂያ ቀን ይኑረው፤ በነርሷ ወረቀት ካልታደሰ በራሱ ይዘጋ። ሁለተኛ፣ ከቁጥር ወጥታ ማሽን ላይ የምትቀመጥ ሠራተኛ ትኖራለች፤ ሱፐርቫይዘሩ ኤፊሸንሲውን በነፃ ጉልበት ያሳድግበታል። ይህ የሚያዘው በባንድል ቲኬት (በእያንዳንዱ የተቆረጠ ጨርቅ እስር ላይ ባለው ወረቀት) ነው፦ ኮድ ያለበት መታወቂያ ቁጥር የስፌት ኦፕሬሽን ቲኬት ላይ ከተገኘ፣ የአይኢ ክለርኩ በዚያው ቀን ለአስተባባሪው ያሳውቃል።

የቀላል ሥራ ዝርዝሩም ሰው ከመጎዳቱ በፊት ይዘጋጅ፤ ይህም የአይኢና የሴፍቲ ኦፊሰሩ ነው። ከ15 እስከ 20 ሥራ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ነገር ይለካ፦ የሚነሳው ክብደት በኪሎ፣ መቀመጥና መቆም በሰዓት ስንት ደቂቃ፣ የእጅ ድግግሞሽ በደቂቃ ስንት፣ ክንድ ከትከሻ በላይ ይወጣል ወይስ አይወጣም።

ይህ ካልተለካ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። «ቀላል ሥራ» ሲባል ሁሉም የሚያስበው ክር ቆረጣን ነው። ትንሿን የክር መቀስ መዳፍ ውስጥ ይዞ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየጨመቁ፣ ልብሱን በሌላው እጅ እያገላበጡ ቀኑን ሙሉ ነው። ወገቧን ለታመመች ደህና ነው፤ ተቀምጣ ትሠራለች፣ የምታነሳው የለም። አንጓዋን ወይም አውራ ጣቷን ለታመመች ግን ከስፌቱ የባሰ ነው። ማሽን ላይ ቢያንስ እግርም ይሠራል፣ ባንድል ሲያልቅ እጅ ያርፋል። ክር ቆረጣ ላይ እረፍት የለም። ለእጅ ጉዳት የአዝራርና የዚፕ ስቶር ቆጠራ፣ ሌብል በሳይዝ መደርደር ወይም የባንድል ምዝገባ ይሻላል፤ ምዝገባውም በጤነኛው እጅ ከሆነ። ለወገብና ለጉልበት ማሸጊያ አይሁን፤ ተቁሞ ነው የሚሠራው፣ ካርቶንም ይነሳል።

ነጭ ጋውን፦

ከላይ ያሉት ጥሩ ብለዋል፤ ግን ሁለታችሁም የጀመራችሁት ሠራተኛው ከቀረ ወይም ከተጎዳ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ የመከላከል ከሆነ የመጀመሪያው ምልክት ያለው ክሊኒኩ መዝገብ ላይ ነው።

ስፌት ላይ ያለች ሠራተኛ ትከሻዋ አንድ ቀን ብቻ ታሟት አትቀርም። መጀመሪያ ፓራሲታሞል ትጠይቃለች፣ በሳምንቱ ዲክሎፌናክ፣ ከዚያ ቅባት። መዝገቡ ላይ ደግሞ «ራስ ምታት» ተብሎ ይጻፋል፤ ማጅራቷን እየያዘች የገባች ብትሆንም። ነርሷ የሚሰጣት የመጀመሪያ ተግባር ይህ ይሁን፦ መዝገቡ ላይ «የአካል ክፍል»፣ «ላይን» እና «ኦፕሬሽን» (የምትሠራው የስፌት ዓይነት) የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩ፤ ዘወትር ሰኞ ቁጥሩ ብቻ፣ ያለ ስም፣ ለሴፍቲ ኦፊሰሩ ይላክ። «ላይን 7፣ እጅጌ ማያያዝ፣ ትከሻ፣ 4 ጊዜ» ይበቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአንድ ኦፕሬሽን 3 ተመሳሳይ ሕመም ከመጣ፣ ሴፍቲ ኦፊሰሩና መካኒኩ በ2 ቀን ውስጥ ወርደው ያያሉ። የሚያዩትም የታወቀ ነው፦ ጠረጴዛው ለቁመቷ ልክ ነው ወይ፣ ፔዳሉ ወዴት ሸሽቷል፣ ወንበሩ መደገፊያ አለው ወይስ በጨርቅ ትርፍራፊ የታሰረ ዱካ ነው፣ ባንድሉ የሚመጣው ከኋላዋ ነው ወይስ ከጎኗ። ከኋላ ከሆነ በየጥቂት ደቂቃው ወገቧን ትጠመዝዛለች፤ ባንድሉን ማዞር አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

የሥራ አቅም ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ይሁን፣ የበሽታው ስም አይጻፍበት። የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «ከ5 ኪሎ በላይ አታነሳም። ቀኝ ክንድ ከትከሻ በላይ አይወጣም። በሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ አትቆምም። እስከ 25 ድረስ፤ በ26 ክሊኒክ ትመጣለች።» ሱፐርቫይዘሩ ማወቅ ያለበት ይህን ብቻ ነው። ምርመራው ክሊኒክ ይቆለፋል። «ሐኪሙ ቀላል ሥራ ይሰጣት ብሏል» የሚል ወረቀት ለማንም አይጠቅምም፤ ለሐኪሙ ቀላል የመሰለው ላይኑ ላይ ምን እንደሆነ አያውቅምና። ሪፈር ስትጻፍ ባዶው ቅጽ አብሮ ይላክለት።

ማታውን በተመለከተ፣ ነርሷ አንድ ሰው ናት፤ ታማ ብትቀርስ? በእያንዳንዱ ፈረቃ ለየሁለት ላይኑ አንድ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሠለጠነ ሠራተኛ ይመደብ፤ መቁረጫ ክፍሉ የራሱ ይኑረው። ከዚያ አራት ጥያቄ አለ፣ አራቱም የተለያየ ሰው ስም ይፈልጋሉ፦ የመኪናው ቁልፍ ማን ጋ ነው? ሹፌሩ የት ነው የሚያድረው? በር ላይ ያለው ጥበቃ ያለ መውጫ ወረቀት እንዲያሳልፍ ትእዛዝ አለው ወይ? ሆስፒታሉ የሚጠይቀውን ተቀማጭ ማን ይከፍላል? አዋጁ አሠሪው የመጀመሪያ ዕርዳታ በጊዜው እንዲሰጥና ተጎጂውን ወደ ቅርቡ የሕክምና ተቋም እንዲያደርስ ያስገድዳል፤ ማታ በ7 ሰዓት ካሸር የለም። መፍትሔው ከሆስፒታሉ ጋር የተፈረመ የዱቤ ደብዳቤ ነው፤ ቅጂው በጥበቃ ቤቱ፣ በክሊኒኩና በመኪናው ኪስ ውስጥ ይቀመጥ።

መቁረጫ ክፍል ላይ ለተመደበው ሰው ይህን ለይታችሁ አሠልጥኑት፦ ጣት ከተቆረጠ በንጹሕ ርጥብ ጎዝ ተጠቅልሎ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ይታሰራል፣ ላስቲኩ በረዶና ውኃ ያለበት ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል። በቀጥታ በረዶ ላይ ከተቀመጠ ሥጋው ይሞታል። በረዶው ከካፌው ፍሪጅ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የካፌው የማታ ቁልፍም አንድ ያዥ ይኑረው።

የኤችአር ጠረጴዛ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። አንድ የቀረኝ አለ። ሕመሙ «የሥራ ላይ ጉዳት» ነው ወይስ ተራ የሕመም ፈቃድ የሚለውን ማን ይወስን? ረቂቁ ለነርሷ ሰጥቶታል። ፋይናንስ ደግሞ በኛ በኩል ይፈረም ይላል።

የማኅበሩ ወገን፦

ለሁለቱም አይሰጥም። ምክንያቱን በብር እንየው። ወርኃዊ ደመወዟ 3,000 ብር የሆነች ሠራተኛ ለ6 ወር ብትቀር፣ በሥራ ላይ ጉዳት ከሆነ የሚከፈላት 9,000 ሲደመር 6,750፣ ማለትም 15,750 ብር ነው። በተራ ሕመም ፈቃድ ከሆነ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ፤ ድምሩ 6,000 ብር። የ9,750 ብር ልዩነት በአንዲት ነርስ ብዕር ጫፍ ላይ አይንጠለጠልም፤ እሷም የፋብሪካው ተቀጣሪ ናት፣ ጫናውን የምትችልበት አቅም የላትም። ፋይናንስ ደግሞ የሚያየው የወጪውን ዓምድ ነው።

የሚሠራው አካሄድ እንዲህ ነው፦ ነርሷ ያየችውን ትጽፋለች፣ ሴፍቲ ኦፊሰሩ የሥራ ቦታውን ማጣሪያ ያያይዛል፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ የምስክሮቹን ቃል ያያል፣ አስተባባሪው ሦስቱን ይዞ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ የሚፈርመው የሰው ሀብት ኃላፊው ነው። ካልተስማሙ የልዩነቱ ሐሳብ እዚያው ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ሠራተኛዋ ቅጂ ትወስዳለች። ጉዳዩ ወደ ተቆጣጣሪ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ ያች ወረቀት ናት የምትፈለገው።

የሚሳተው ደግሞ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሰርቪስ ነው። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲኬድ ወይም ሲመለስ የደረሰ ጉዳት በአዋጁ የሥራ ላይ አደጋ ነው። ስለዚህ የትራንስፖርት አስተባባሪውም ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፤ አደጋውን በዚያው ቀን ለሴፍቲ ኦፊሰሩ የማሳወቅ ግዴታ ይጻፍበት። ሌላው ቀስ እያለ የሚመጣ ሕመም ነው። ጣት በመርፌ ሲወጋ ሰው ያያል፤ ትከሻ ወይም ጆሮ ሲደክም ያየ የለም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ሕመም ፈቃድ ይጣላል። ነጭ ጋውን ያሉት የሰኞ ቁጥር እዚህ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

ስለ አቴንዳንስ ቦነስ ማንም አላነሳም፤ የሚገርመኝ ነገር ነው። ክሊኒክ ሄዳ ለሁለት ሰዓት የተኛች ሠራተኛ የወሩ ቦነሷ ከተቆረጠ፣ ከዚያ በኋላ ሕመሟን የምትናገረው መሸከም ሲያቅታት ነው። ፔይሮል ላይ ያለው ሰው በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ተግባር አለው፦ የክሊኒክ ሰዓት፣ የ14ኛው ቀን ስብሰባና በቀላል ሥራ ላይ ያለ ቀን እንደ መቅረት የማይቆጠር የተለየ ኮድ ይክፈት። መሠረታዊ ደመወዟም ቀላል ሥራ ላይ ስለሆነች አይነካ። ይህን ዋና ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ካልፈረመ ፔይሮል በራሱ ሥልጣን አያደርገውም፤ እውነቱንም ነው።

ሴፍቲ ቆብ፦

ነጭ ጋውን ልክ ናቸው፤ የሰኞውን ቁጥር ከሁሉ በፊት ማስቀመጥ ነበረብኝ። በአንድ ነገር ግን ልለይ። ለየሁለት ላይኑ የሚመደበው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰው ሱፐርቫይዘር አይሁን። ጉዳት ሲደርስ ሱፐርቫይዘሩ ማሽን ያስጠፋል፣ ሰው ያርቃል፣ ስልክ ይደውላል፤ እጁ አይበቃም። ኦፕሬተር ይሁን፤ ሲጠራ ከማሽኑ የሚነሳበት ደቂቃ ደግሞ ደቂቃ ቆጣሪ ባሉት ኮድ ይያዝለት።

ዘላቂ ጉዳት የደረሰባት ሠራተኛ ስትመለስ ጉዳዩ ከቀላል ሥራ ዝርዝሩ ይወጣል። እዚያ ላይ አዋጅ 568/2000 አለ፤ አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመች ማድረግ አለበት። ይህን የሚይዙት አይኢና ጥገና ናቸው፣ በጀቱ የዋና ሥራ አስኪያጁ። ለምሳሌ አንድ እግሯ ፔዳል መርገጥ ለማይችል ፔዳሉ ወደ ሌላው እግር ይዞራል፤ የመካኒክ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ኮሚቴውን በተመለከተ ለብቻው ስብሰባ አይጥሩለት፤ አይመጡም። በወር አንድ ቀን ከምርት ስብሰባው ፊት 30 ደቂቃ ይያዝለት፣ አጀንዳውም ሦስት ወረቀት ብቻ ይሁን፦ የሰኞዎቹ አራት ቁጥሮች፣ ያልተዘጉ የማጣሪያ ውሳኔዎች ከነፈጻሚው መደብ፣ ቀኑ ያለፈበት የ14፣ የ75 ወይም የ165 ቀን ግምገማ። ሰነዱን ከማጽደቃችሁ በፊት ደግሞ አንድ ማታ፣ ለማንም ሳትናገሩ፣ መቁረጫ ክፍል ውስጥ «ሰው ተጎድቷል» በሉና ሰዓት ያዙ። መኪናው ከበሩ እስኪወጣ ከ10 ደቂቃ በላይ ከፈጀ፣ የቱ ቁልፍ እንደጠፋ ያኔ ታውቃላችሁ፤ አባሪውን በዚያው ሌሊት አስተካክሉት።